ለአዲስ አበባ ዳርቻ ትናንሽ የግል ትምህርት ቤቶች፦ የእውቅና አማራጮች ንጽጽር

በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞና በአስኮ አካባቢ የሚገኙ ብዙዎቹ ትናንሽ የግል ትምህርት ቤቶች አጀማመራቸው ይመሳሰላል። በአንድ ቪላ ግቢ ውስጥ በአፀደ ሕፃናት ይከፈታሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከፍ ሲሉ ወላጆች «ቀጥሉልን» ይላሉ፤ በየዓመቱ አንድ ክፍል እየተጨመረ 6ኛ፣ ከዚያም 8ኛ ክፍል ላይ ይደረሳል። ከዚህ በኋላ ባለቤቶቹን የሚገጥማቸው ጥያቄ ያለችው ጥሪት በምን ላይ ትዋል የሚል ነው። አንዱ የአገር ውስጡን እውቅና አጠናክሮ በኢንስፔክሽን፣ ማለትም በመንግሥት የትምህርት ቤቶች ምዘና፣ ከፍ ያለ ደረጃ ማግኘት ይሻላል ይላል። ሌላው በእንግሊዙ የካምብሪጅ ዓለም አቀፍ ፈተና ተቋም መመዝገብ ተማሪ ያመጣል ብሎ ያምናል። ሦስተኛው በአሜሪካ ተቋማት የሚሰጠውን የሙሉ ትምህርት ቤት እውቅና ወይም ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም ያስባል። እነዚህ አማራጮች ዋጋቸውም፣ የሚጠይቁት ዝግጅትም፣ ለልጁ የሚያስገኙለት ጥቅምም የተለያየ በመሆኑ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አይቻልም።

አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። ተማሪዎቹ የከተማውን የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና፣ በመጨረሻም የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የሚወስዱ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ገንዘብና የመጀመሪያው ድካም የኢንስፔክሽን ደረጃን ከፍ ለማድረግ ሊውል ይገባል። የውጭ እውቅና ተገቢ የሚሆንባቸው ሁኔታዎች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን በከተማው ዳርቻ ካሉት ትምህርት ቤቶች እነዚህን ሁኔታዎች የሚያሟሉት ጥቂቶች ናቸው።

ለምርጫ የማይቀርበው ፈቃድ

የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ድርጅቱ በሕግ የታወቀ ነጋዴ መሆኑን ብቻ ያሳያሉ። ልጅ ተቀብሎ ለማስተማር፣ የተማሪ ካርድ ለመስጠትና ተማሪዎችን ለክልላዊና ለአገር አቀፍ ፈተና ለማስመዝገብ የሚያስችለው ከትምህርት ተቆጣጣሪው አካል የሚሰጠው የእውቅና ፈቃድ ነው። በአዲስ አበባ ይህ ሥራ የከተማው የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለስልጣን ሲሆን፣ ማመልከቻና ክትትሉ በአብዛኛው በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቶቹ በኩል ይካሄዳል።

ብዙ ትምህርት ቤቶችን የሚያስቸግረው ፈቃዱ የሚሰጠው በእርከን መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥርዓቱን የሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ደረጃ፣ ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ አድርጎ ከፍሎታል። ስለዚህ እስከ 6ኛ ክፍል የተፈቀደለት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍልን የሚከፍተው መምህር ስለቀጠረና ክፍል ስላዘጋጀ አይደለም፤ የማስፋፊያ ፈቃድ ጠይቆ፣ በቦታው ታይቶ ሲፈቀድለት ነው። ይህን ሳይጠብቅ ልጆችን አሳልፎ ያስተማረ ትምህርት ቤት ጉዳቱ የሚገለጥበት በ8ኛ ክፍል የፈተና ምዝገባ ሰሞን ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው።

የሕንፃው ጉዳይም ከዚህ አይለይም። በዳርቻው ያሉ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የኪራይ ግቢ ውስጥ ናቸው። ፈቃዱ ለታየው ቦታና አድራሻ የተሰጠ በመሆኑ አከራዩ ኪራይ ሲጨምር ወይም ግቢውን ሲሸጥ ትምህርት ቤቱ ወንበሩን ጭኖ ወደ ሌላ ሰፈር መሄድ ብቻውን አይበቃውም፤ አዲሱ ቦታ እንደገና ሊገመገም ይገባል። እኔ ለማንኛውም የትምህርት ቤት ባለቤት ከየትኛውም የውጭ እውቅና በፊት የምመክረው በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የትምህርት እርከን የሚሸፍን የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል እንዲኖረው ነው። በየዓመቱ የሚታደስ ውል ይዞ የብዙ ዓመት ዝግጅት ወደሚጠይቅ የውጭ እውቅና መግባት ትልቅ ድፍረት ነው።

የኢንስፔክሽን ደረጃ ምን ይለካል?

በአገራችን የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች እንዲመዘኑ ተደርጎ ነበር። ስታንዳርዶቹ ግብዓት፣ ሂደትና ውጤት በሚሉ ሦስት ክፍሎች የተደለደሉ ሲሆን፣ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት ደግሞ 40 በመቶ ክብደት ተሰጥቷል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ያለው ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ያለው ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያገኘው ደረጃ 4 ይባላል። በአገር ደረጃ ደረጃ 4 ላይ የሚገኙት ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ፣ ለትንሽ ትምህርት ቤት ትክክለኛው ዒላማ ከ2 ወደ 3 መሻገር ነው።

ክብደቱን በጥሞና ያየ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። በዳርቻ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት በግብዓት፣ ማለትም በሕንፃ፣ በሜዳ ስፋት፣ በላቦራቶሪና በቤተ መጻሕፍት፣ ሰፊ ይዞታ ካላቸው ነባር ትምህርት ቤቶች ጋር መወዳደር ይከብደዋል። ነገር ግን 75 በመቶው ያለው በሂደትና በውጤት ላይ ነው። መምህሩ የትምህርት ዕቅዱን እንዴት ያዘጋጃል፣ ተከታታይ ምዘናውን መዝግቦ ወደ ኋላ ለቀረው ልጅ ምን ያደርግበታል፣ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይታዘባል ወይስ ቢሮ ውስጥ ይውላል፣ ወላጅና መምህር ኅብረቱ በስም ብቻ ነው ወይስ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ያቋረጡና የደገሙ ልጆች ስንት ናቸው፣ የፈተና ውጤቱ ከዓመት ዓመት እንዴት ይታያል? እነዚህን ለማስተካከል ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሥራውን የሚያውቅ ርዕሰ መምህርና ዓመቱን ሙሉ የሚያዝ መዝገብ ነው። ሁለት መቶ ልጅ ያለው ትምህርት ቤት እያንዳንዱን ልጅ በስሙ የሚያውቅ በመሆኑ በዚህ ረገድ ከትልልቆቹ የሚያንስበት ምክንያት የለም። ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተብሎ የተቀመጠው የክፍል ተማሪ ቁጥር ለትንሹ ትምህርት ቤት ሸክሙ ቀላል ነው።

በግብዓት በኩል መሸሽ የማይቻለው የመምህራን ብቃት ነው። በአነስተኛ ደመወዝ ተቀጥሮ በዓመቱ አጋማሽ የሚለቅ መምህር በማንኛውም የምዘና መሣሪያ ላይ ቁስል ሆኖ ይታያል። ለሥልጠናና ለውጭ እውቅና ክፍያ የተያዘ ገንዘብ ካለ ከፊሉን ወደ መምህራን ደመወዝ ማዞር የትምህርት ቤቱን ደረጃ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት በበለጠ ፍጥነት ያነሳዋል ብዬ አምናለሁ።

ይህ መንገድ የራሱ ጉድለት አለው። የኢንስፔክሽን ደረጃ ከአገር ውጭ የሚያስገኘው ነገር የለም፤ ወላጁም ስለ ደረጃው አያውቅም ወይም አይጠይቅም። ቢሆንም የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በመጀመሪያው ዙር፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ በኋላ፣ ወላጆች ከስም ይልቅ ውጤትን መጠየቅ ጀምረዋል። የ8ኛ ክፍል ውጤቱን በግልጽ ማሳየት የሚችል የሰፈር ትምህርት ቤት ዛሬ ከማንም በላይ ይደመጣል።

ድንበሩ የት ነው?

ለዳርቻው ትምህርት ቤቶች ብቻ የሚነሳ አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ መግባት አለበት። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን የተካተቱበት የሸገር ከተማ ሲመሠረት፣ በአስፋልት ማዶና ማዶ የሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች በሁለት የተለያዩ የትምህርት ቢሮዎች ሥር መሆናቸው ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ ያለ ትምህርት ቤት ተጠሪነቱ ለኦሮሚያ የትምህርት መዋቅር ነው፤ ፈቃዱን ከዚያ ያገኛል፣ ተማሪዎቹም የኦሮሚያን ክልላዊ ፈተና ይወስዳሉ። የማስተማሪያ ቋንቋ፣ የመማሪያ መጻሕፍትና የፈተና ዝግጅት በዚሁ ይወሰናሉ።

ሁለተኛ ቅርንጫፍ ለመክፈት ለሚያስብ ባለቤት ይህ ከባድ ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ ያገኘው ፈቃድ ማዶ ተሻግሮ አይሠራለትምና። ግቢ ከመከራየቱ በፊት ቦታው በየትኛው ወረዳና በየትኛው አስተዳደር እንደሚመዘገብ በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ወላጆቹ በአንደኛው ወገን እየኖሩ በሌላኛው ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችም የተማሪ መልቀቂያና የካርድ አያያዝ ንጹሕ መሆኑ ከየትኛውም ሰፈር ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል።

ካምብሪጅ

የካምብሪጅ ኢንተርናሽናል ፈተናዎች የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አካል በሆነ ተቋም የሚዘጋጁ ናቸው። ፕሮግራሙ ከ3 ዓመት ልጆች ጀምሮ እስከ 19 ዓመት የሚዘልቅ ሲሆን፣ ከ14 እስከ 16 ዓመት ያሉ ተማሪዎች የሚፈተኑት አይጂሲኤስኢ በብዛት የታወቀው ነው። ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነጥብ አለ። በካምብሪጅ መመዝገብ ትምህርት ቤቱ ፕሮግራሙን እንዲያስተምርና ፈተናውን እንዲሰጥ የሚያስችል ፈቃድ እንጂ፣ የትምህርት ቤቱ አመራር፣ ገንዘብ አያያዝና አጠቃላይ ጥራት ተመርምሮ የተሰጠ የሙሉ ተቋም እውቅና አይደለም።

የሚጠይቀው ዝግጅት ግን ተጨባጭ ነው። በእንግሊዝኛ ትምህርቱን በብቃት የሚያስተምሩ መምህራን ያስፈልጋሉ። የፈተና ወረቀት የሚጠበቅበት፣ ቁልፉ በተወሰኑ ሰዎች እጅ ብቻ የሚገኝ ጠንካራ ክፍልና ካዝና ያስፈልጋል፤ በቪላ ግቢ ውስጥ ይህን ማዘጋጀት ቀላል አይደለም። የምዝገባና የዓመት ክፍያ አለ፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ተማሪ ለሚፈተንበት እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የተለየ ክፍያ በፓውንድ ይከፈላል። ስምንት የትምህርት ዓይነት የሚፈተን ልጅ ወላጅ ይህን ገና ከመጀመሪያው ማወቅ ይገባዋል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሁለቱን ሥርዓተ ትምህርቶች ጎን ለጎን ለማስኬድ የሚደረገው ሙከራ ነው። የአገሪቱ ፖሊሲ በዝቅተኛ ክፍሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማስተማርን የሚያዝ ሲሆን፣ ባለስልጣኑም በአገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ፈቃድ የወሰደ ትምህርት ቤት በዚያው እንዲያስተምር ይቆጣጠራል። ጠዋት የሚኒስቴሩን መጽሐፍ፣ ከሰዓት በኋላ የካምብሪጁን የሚያስተምር፣ ግን ለሁለቱም በቂ መምህር የሌለው ትንሽ ትምህርት ቤት ልጁን ከሁለት ያጣ ጎመን ያደርገዋል፤ የ8ኛ ክፍል ፈተናውም አይሳካለትም፣ አይጂሲኤስኢውም አይደርስለትም። ካምብሪጅን ከልቡ የፈለገ ሰው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ራሱን የቻለ ፈቃድና የመምህራን ቡድን ይዞ ሊገባበት ይገባል። በአይጂሲኤስኢ ያጠናቀቀ ልጅ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመቀጠል የውጤቱ አቻነት መገመት እንዳለበትም ለወላጅ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

ይህ መንገድ ለማን ይሆናል ቢባል፣ በሲኤምሲ ወይም በአያት ዙሪያ ልጆቻቸውን ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁ፣ ክፍያውንም በውጭ ምንዛሪ መለዋወጥ ሳይናወጡ መሸፈን የሚችሉ በቂ ወላጆች ላሉት ትምህርት ቤት ይሆናል። በቂ ማለቴ አንድ ሙሉ ክፍል ነው፤ አምስት ልጅ ይዞ የአይጂሲኤስኢ ፊዚክስ መምህር መቅጠር አያዋጣም።

የሙሉ ትምህርት ቤት እውቅና

ኮግኒያ፣ ሚድል ስቴትስና ኒው ኢንግላንድ የሚባሉት የአሜሪካ ማኅበራት ሥራቸው ከካምብሪጅ ይለያል። ሥርዓተ ትምህርት አይሸጡም፤ ትምህርት ቤቱን ራሱን ይመረምራሉ። ታሪካቸው ረጅም ነው፤ የኒው ኢንግላንዱ በ1885፣ ሚድል ስቴትስ በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋሙ ናቸው፤ ኮግኒያ ደግሞ በ1895 ከተመሠረቱ ሁለት ማኅበራት የወረደ ነው። አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው፦ ትምህርት ቤቱ ለወራት ራሱን ይገመግማል፣ ማስረጃውን ያደራጃል፣ ከዚያም የልምድ ሰዎች ቡድን መጥቶ ክፍል ይታዘባል፣ መምህር፣ ወላጅና ተማሪ ያነጋግራል። እውቅናው ሲሰጥም ለተወሰነ ዘመን ነው፤ በሚድል ስቴትስ ዘንድ ለምሳሌ 7 ዓመት ነው፤ በመካከልም ክትትል አለ።

ይህ አሠራር ከአገራችን ኢንስፔክሽን ጋር ያለው ዝምድና ከሚገመተው በላይ ነው። ግለ ግምገማ፣ የማሻሻያ ዕቅድ፣ የክፍል ምልከታ፣ የወላጅ ተሳትፎ፣ የውጤት ትንተና በሁለቱም አሉ። ደረጃ 3 ለመድረስ በትክክል የተያዘ መዝገብ ወደ እንግሊዝኛ ቢመለስ ለውጭ ምርመራ ከሚጠየቀው ማስረጃ ሰፊውን ክፍል ይሸፍናል። ስለዚህ ይህን እውቅና የሚመኝ ትምህርት ቤት አገር ውስጥ የሚለፋው ልፋት አይባክንበትም፤ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ግን ገንዘቡን ያባክንበታል።

ኢንተርናሽናል ባካሎሬትን በተመለከተ በአጭሩ መናገር ይበቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በጄኔቫ የተቋቋመው ይህ ድርጅት ትምህርት ቤቱን በእጩነት ተቀብሎ፣ አማካሪ መድቦ፣ በቦታው ተገኝቶ ካረጋገጠ በኋላ ፈቃድ ይሰጣል፤ ይህም በአብዛኛው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈጃል። ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው የዲፕሎማ ፕሮግራም የሚከፈለው ዓመታዊ ክፍያ ብቻ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ የመምህራን ሥልጠናው ከዚህ ውጭ ነው። ለዳርቻ ትንሽ ትምህርት ቤት አልመክረውም።

የምንዛሪው ነገር

በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ማንኛውም እውቅና ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያን ጊዜ 570 ሺህ ብር ገደማ ይፈጅ የነበረ የ10 ሺህ ዶላር ክፍያ አንድ ሚሊዮን ብር ተሻገረ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ብሩ ይበልጥ ወርዷል። የትምህርት ክፍያ ግን በዚያው ልክ ሊጨመር አይችልም፤ ጭማሪ ከወላጆች ጋር ውይይትና የተቆጣጣሪውን ክትትል ያልፋል። ስለዚህ በጀት ሲዘጋጅ የዛሬውን ምንዛሪ ሳይሆን ከዛሬው የከፋውን ማስላት ያስፈልጋል።

ሐሰተኛ እውቅና ሰጪዎች

በኢሜይል ወይም በደላላ በኩል «ዓለም አቀፍ እውቅና በአንድ ወር» የሚሉ ጥሪዎች ለትናንሽ ትምህርት ቤቶች ይደርሳሉ። ማጣሪያው ከባድ አይደለም። እውቅና ሰጪው ማንንም ሳይልክ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ከሆነ፣ እውቅና የሰጣቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር በይፋ የማያወጣ ከሆነ፣ እውቅና የነፈገው ወይም የሰረዘው ትምህርት ቤት ኖሮ የማያውቅ ከሆነ፣ ወረቀቱ ከግድግዳ ጌጥነት አያልፍም። የበለጠ ማረጋገጥ የፈለገ ልጆቹ ሊሄዱበት የሚያስቡትን አንድ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ክፍል በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመጣል።

ከአንዱ መንገድ ገብቶ ሂደቱን የጀመረ ትምህርት ቤት ደግሞ በሚሰቅለው ማስታወቂያ ሊጠነቀቅ ይገባል። ካምብሪጅም ሆነ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት ስማቸውንና አርማቸውን መጠቀም የሚፈቅዱት ለተመዘገበ ወይም ፈቃድ ለተሰጠው ትምህርት ቤት ነው፤ በእጩነት ላይ ያለ ትምህርት ቤት የሚፈቀድለት አገላለጽ የተወሰነ ሲሆን፣ እጩነቱ ፈቃድ ማግኘቱን እንደማያረጋግጥም መግለጽ አለበት። ለመስከረም ምዝገባ ታስቦ በነሐሴ የሚታተም ባነር ላይ የሚጻፈው እንግዲህ በእጅ ያለው ብቻ ይሁን፦ የተፈቀደለት የክፍል እርከን፣ የኢንስፔክሽን ደረጃው ከእነዓመተ ምሕረቱ፣ ያለፈው ዓመት የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ውጤት።